ገዢዎቼ ማሽኑን ያምናሉ፤ እኔ በር ከፋች ሆኛለሁ

«እንደምን ሰነበቱ? በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የቤት ሽያጭ ወኪል ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። በ2021 አሥራ አንድ ቤት አገበያይቼ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ግን ሦስት ብቻ። ደንበኞቼ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሐበሾች ናቸው። ቀድሞ ‹የትኛው ቤት ይሻለናል?› ብለው ይደውሉልኝ ነበር። አሁን ቤቱን ስልካቸው ላይ ራሳቸው ያገኙታል፤ ዋጋው ተገቢ መሆን አለመሆኑን ቻትጂፒቲን ይጠይቁታል፤ እኔን የሚፈልጉኝ በር እንድከፍትላቸው ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ባልና ሚስት የውክልና ውሉን ሳይፈርሙ ኮሚሽኔን በግማሽ እንድቀንስ የሚጠይቅ ደብዳቤ ላኩልኝ፤ ማሽኑ እንደጻፈላቸው ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ባለቤቴ ‹ሳይመሽ የሶፍትዌር ፍተሻ ኮርስ ግቢ› ይለኛል። ሙያው እየሞተ ነው? ልተወው? ለባልና ሚስቱስ ምን ብዬ ልመልስ?»

ግራ የገባኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል። አንዱ የገበያው ድርቀት ነው፤ ሌላው የማሽኑ መምጣት። ሳትለያያቸው ከወሰንሽ ውሳኔሽ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ከገበያው ልጀምር። ዓመቶቹ ሁሉ አንቺም እንደጻፍሽው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሥራ አንዱን ወደ ሦስት ያወረደው ሰው ሠራሽ አስተውሎት አይደለም፤ ወለድ ነው። በጃንዋሪ 2021 የሠላሳ ዓመት የቤት ብድር አማካይ ወለድ 2.65 በመቶ ነበር። በኦክቶበር 2023 ወደ 7.8 በመቶ ተጠጋ። በ3 በመቶ የተበደረ ሰው ያንን ብድር ጥሎ በ7 በመቶ ሌላ ቤት ለመግዛት አይቸኩልም፤ ስለዚህ ሻጭ ጠፋ፣ ሻጭ ሲጠፋም የገዢው ምርጫ ጠበበ። በመላው አሜሪካ በ2021 ከ6 ሚሊዮን በላይ ነባር ቤቶች ተሸጠው ነበር። በ2024 የተሸጡት 4.06 ሚሊዮን ብቻ ናቸው፤ ይህም ከ1995 ወዲህ ዝቅተኛው ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ በ2025 የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ቅነሳ ተጨመረበት። ደሞዙ ይቀጥል አይቀጥል የማያውቅ ሰው የሠላሳ ዓመት ዕዳ አይፈርምም። ይህን ሁሉ በራስሽ ድክመት ወይም በቻትጂፒቲ ላይ አትጻፊው። ቻትጂፒቲ ባይፈጠርም ኖሮ ቁጥርሽ ይወርድ ነበር።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። የሙያሽ ሞት የተነገረው ዛሬ አይደለም። በ2013 ሁለት የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች 702 የሥራ ዓይነቶችን መርምረው ማሽን ሊተካቸው የሚችልበትን ዕድል አስልተው ነበር። ወኪሎች በሥራቸው ለሚሠሩላቸው የቤት ደላሎች (ብሮከሮች) የሰጡት 97 በመቶ ነው፤ እንዳንቺ ላሉ የሽያጭ ወኪሎች ደግሞ 86 በመቶ። ከዚያ በኋላ የሆነው ተቃራኒው ነው። የአሜሪካ የቤት ሽያጭ ባለሙያዎች የተሰባሰቡበት የብሔራዊ ሪልተሮች ማኅበር አባላት በዚያ ዓመት ከአንድ ሚሊዮን ጥቂት ይበልጡ ነበር፤ በ2022 ወደ 1.6 ሚሊዮን ደረሱ። በዚያው ዘመን ቤት ፍለጋ ሙሉ በሙሉ ወደ ስልክ ገብቷል። ፍለጋው ወደ ስልክ ገባ ማለት ግዢው ወደ ስልክ ገባ ማለት አልነበረም።

የቤት ማስታወቂያ ድረ ገጹን የዚሎን ታሪክ በደንብ አጥኚው፤ ሙያሽን ከማንም ትንበያ በላይ ያስረዳሻል። ኩባንያው ከ100 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ቤቶችን ዋጋ በኮምፒውተር የሚገምት ቀመር ነበረው። በ2018 አንድ እርምጃ ሄደና በራሱ ግምት እየተመራ ቤቶችን በራሱ ገንዘብ መግዛትና አድሶ መሸጥ ጀመረ። በኖቬምበር 2021 ዘርፉን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ከሠራተኞቹም ሩብ ያህሉን አሰናበተ። በአንድ ሩብ ዓመት ብቻ በገዛቸው ቤቶች ዋጋ ላይ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ መዝግቦ ነበር። የኩባንያው ኃላፊዎች ራሳቸው የሰጡት ምክንያት የቤት ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ማወቁ ከጠበቁት በላይ አስቸጋሪ መሆኑን ነው። ከዚህ «ማሽን ሞኝ ነው» የሚል መጽናኛ እንዳትወስጂ እለምንሻለሁ። ያው ኩባንያ በኦክቶበር 2025 ቻትጂፒቲ ውስጥ ገብቷል፤ ደንበኛሽ በተለመደ አነጋገር «ሦስት መኝታ ቤት፣ ከሜትሮ የማይርቅ፣ ከ500 ሺህ ዶላር በታች» ብሎ ሲጽፍ ቤቶቹ ከነካርታቸው ይመጡለታል። ማሽኑ ዝርዝርን ከአንቺ በተሻለ ያውቃል፤ ነገም የበለጠ ያውቃል። ያ ታሪክ የሚያሳየው ገንዘቡ የሚጠፋው ከዝርዝሩ በኋላ ባለው መንገድ ላይ መሆኑን ነው።

እንግዲህ እቅጩን ልንገርሽ። ቤት መፈለግ፣ ዝርዝር መላክ፣ በር መክፈት፣ «ወጥ ቤቱ ታድሷል» ማለት፣ ይህ ክፍል አልቋል። በዚህ ብቻ የሚኖር ወኪል ከእንግዲህ የሚከፍለው አያገኝም። በዓመት አንድ ሁለት ዘመድ እያገበያዩ ፈቃዳቸውን የሚያድሱ ብዙዎች ከሙያው ይወጣሉ፤ መውጣትም ጀምረዋል። ኦገስት 17 ቀን 2024 ተግባራዊ የሆነው አዲሱ ደንብ ደግሞ ነገሩን አፋጥኖታል። የሪልተሮች ማኅበር 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከተስማማበት ክስ በኋላ የገዢ ወኪል ክፍያ ወኪሎች በጋራ በሚጠቀሙበት የቤት ማስታወቂያ ሥርዓት ላይ አይጻፍም፤ ገዢውም አንድም ቤት ከመጎብኘቱ በፊት ክፍያሽ በግልጽ የተጻፈበት ውል መፈረም አለበት። ድሮ ኮሚሽንሽ ከሻጩ ኪስ በስውር ስለሚመጣ ማንም «ምን ሠርተሽልኝ ነው?» አይልሽም ነበር። አሁን ይልሻል። ባልና ሚስቱም ያሉሽ ይህንኑ ነው፤ ማሽኑ ያሳመረላቸው አነጋገሩን ብቻ ነው።

«ቢያንስ አማርኛ እችላለሁ» ብለሽ እንዳትጽናኚ። ማሽኑ አማርኛ ይጽፋል፤ እያደርም ይሻሻላል። የአንቺ ጥቅም ቋንቋው ሳይሆን ሰዎቻችን እንዴት እንደሚኖሩ ማወቅሽ ነው። እዚህ ላይ ዘርዘር ላድርገው፤ ተስፋ የማደርግልሽ በዚህ ስለሆነ።

የወገኖቻችን የቤት ግዢ የሚፈርሰው ቤቱ ጋ አይደለም፤ ባንኩ ጋ ነው። ዕቁቡን ውሰጂ። አንድ ሰው ዕቁብ ይደርሰውና 30 ሺህ ዶላር ቅድመ ክፍያ አገኘሁ ብሎ ደስ ብሎት ባንክ ያስገባል። በማግስቱ የብድር ማመልከቻ ያስገባል። አበዳሪው የሁለት ወር የባንክ መግለጫ ሲያይ ከሰውየው የወር ገቢ ጋር የማይመጣጠን ገንዘብ ያገኛል፤ «ምንጩ ምንድን ነው?» ይላል። «ዕቁብ ነው» ይባላል። ዕቁብ ምን እንደሆነ የማያውቅ መርማሪ፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ ውል፣ በጥሬ ገንዘብ የመጣ ብር! ብድሩ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ይቀራል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ወዳጅ የሚሰጠው ምክር ነው፦ «ከአሥር ሺህ በታች እየከፋፈልክ አስገባ»። ባንክ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ለመንግሥት ያስታውቃል፤ ይህ የተለመደ አሠራር ነው፤ ንጹሕ ገንዘብ ያለውን ሰው የሚጎዳው ነገር የለም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ሆን ብሎ መከፋፈል ግን ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ይህን የማያውቁ ስንት ታታሪ ሰዎች አሉ መሰለሽ!

ሌላው የታክስ ነገር ነው። ብዙዎቹ ደንበኞችሽ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዱ፣ ትንሽ ሱቅ ያላቸው፣ በራሳቸው የሚሠሩ ናቸው። ታክስ ሲያሠሩ ወጪያቸውን ሁሉ አስቀንሰው የተጣራ ገቢያቸው ትንሽ እንዲሆን ያደርጋሉ፤ መብታቸው ነው። አበዳሪው ግን የሚያየው ያንኑ የተጣራ ገቢ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሁለት ዓመቱን። ሰውየው በዓመት 80 ሺህ ዶላር እጁ ገብቶ ወረቀቱ 28 ሺህ ይላል። ይህ ቤቱ ከተመረጠ በኋላ አይስተካከልም። ከሁለት ዓመት በፊት መነገር ነበረበት።

ማሽኑ ስለዚህ ሁሉ ቢጠየቅ ደህና አድርጎ ይመልሳል። ችግሩ ማንም አይጠይቀውም። ቤት መግዛት የሚያስብ ሰው ስለ ቤት ይጠይቃል እንጂ «ዕቁቤ ችግር ያመጣብኛል?» ብሎ አይጠይቅም፤ ችግር መሆኑን አያውቅማ። አንቺ ግን ታውቂያለሽ፤ ከክርስትናው፣ ከሠርጉ፣ ከለቅሶው ላይ «በሚቀጥለው ዓመት ቤት እንገዛለን» ሲሉ የምትሰሚው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ሥራሽን ወደ ኋላ ግፊው። ገዢው ቤት መፈለግ ሲጀምር ሳይሆን ቤት መመኘት ሲጀምር አግኚው። በሞንትጎመሪ ካውንቲ መካከለኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች በተመጣጣኝ ዋጋ ቤት የሚያቀርበው ፕሮግራም ከ1974 ጀምሮ አለ፤ ግዛቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢዎች የብድርና የቅድመ ክፍያ ድጋፍ ይሰጣል፤ ዋሽንግተን ዲሲም የራሷ አላት። መስፈርታቸውን፣ የሚጠይቁትን ሥልጠና፣ የሚወስዱትን ጊዜ በቃልሽ እስክትይዢ አጥኚ። ከሚታመን የብድር ባለሙያና ከታክስ ሠሪ ጋር ሆነሽ በየሁለት ወሩ በነጻ ሰው ሰብስበሽ አስረጂ። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ከፊሉ በዓመቱ፣ ከፊሉ በሁለት ዓመቱ ይመጣል፤ ሲመጣ ግን ኮሚሽን አይከራከርሽም።

ከውሉ በኋላ ያለውም መንገድ ያንቺ ነው። ኮንዶሚኒየምን ለምሳሌ ውሰጂ። በጁን 2021 ፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ ላይ ሕንፃ ተደርምሶ 98 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ሜሪላንድ የጋራ ሕንፃዎች ለጥገና የሚያስፈልጋቸውን መጠባበቂያ ገንዘብ እንዲያስጠኑ አስገድዳለች። ጥናቱ ሲወጣ ካዝናቸው ባዶ የሆኑ ሕንፃዎች ወርሃዊ ክፍያ ይጨምራሉ፣ ወይም ከየባለቤቱ በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቃሉ። ነባር ኮንዶሚኒየም የሚገዛ ሰው የማኅበሩን ሰነዶች ከተረከበ በኋላ ውሉን ሊሰርዝ የሚችልበት 7 ቀን ብቻ አለው። ሰነዱ መቶ ሁለት መቶ ገጽ ነው። እዚህ ላይ ማሽኑን ተጠቀሚበት! ያንብብልሽ፣ የመጠባበቂያውን ገንዘብ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤውን፣ የጣሪያና የአሳንሰር ጥገናውን ነቅሶ ያውጣልሽ፤ ከዚያ ገጹን ራስሽ ገልጠሽ አረጋግጪ፣ የማኅበሩን ሥራ አስኪያጅም ደውለሽ ጠይቂ። የሁለት ቀኑን ንባብ በአንድ ሰዓት ጨርሰሽ በአምስተኛው ቀን ለደንበኛሽ «ይህን ቤት አትግዛ» ማለት ከቻልሽ፣ ያንን ቀን ሰውየው ለዘመዶቹ ሁሉ ያወራልሻል።

በማሽኑ ስትጠቀሚ ሁለት ቦታ ላይ ተጠንቀቂ። ሰዎቻችን «ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር አሳዪን» ይላሉ፤ ክፉ አስበው አይደለም። አንቺ ግን በ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ ገዢን በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር እየለየሽ ወደ አንድ ሰፈር መምራት እንደማትችይ ታውቂያለሽ። ማሽኑ ያለ ሐሳብ ሊመልስላቸው ይችላል፤ ፈቃድ የለውምና የሚነጠቀው የለም። ካርታውን ስጪያቸው፣ የሚሄዱበትን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ የሥራ ቦታቸውን ራሳቸው ያስቀምጡ፤ አካባቢውን እነርሱ ይምረጡ። የሽያጭ ማስታወቂያም ስታስጽፊ እንዲሁ ነው፤ «ለወጣት ባለትዳሮች ተስማሚ» የሚል አማላይ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ቢያቀብልሽ ልጆች ያሏቸውን ሰዎች ማግለል ሊሆን ይችላል፤ የሚጠየቀውም ከሥሩ ስሙ ያለው ሰው ነው። የደንበኛን የባንክ መግለጫና የታክስ ወረቀት ደግሞ በነጻ ፕሮግራም ላይ ፈጽሞ አትጫኚ።

ሁለተኛው ማጭበርበር ነው። ቤቱ ሊፈረም ቀናት ሲቀሩ የቤቱን ባለቤትነት አጣርቶ ርክክቡን ከሚያስፈጽመው ታይትል ኩባንያ የመጣ በሚመስል ኢሜይል «የሒሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል» ተብሎ የዕድሜ ልክ ቁጠባ የሚወሰድበት ወንጀል የቆየ ነው። ቀድሞ በተጣመመ እንግሊዝኛው ይታወቅ ነበር፤ አሁን ማሽኑ እንከን የለሽ አድርጎ ይጽፈዋል፣ ድምፅም ያስመስላል። ገንዘብ ከመላኩ በፊት አስቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ቁጥር ደውሎ ማረጋገጥን ለእያንዳንዱ ደንበኛሽ በመጀመሪያው ቀን አስተምሪ፤ በመጨረሻው ሳምንት ድገሚው።

ስለ ባለቤትሽ ምክር። ሐሳቡ ከፍቅርና ከኃላፊነት የመጣ ነው፤ አትቆጪበት። ግን ከማሽን ለመሸሽ ወደ ሶፍትዌር ፍተሻ መግባት ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ለጀማሪ ይሰጡ የነበሩት የፍተሻና የኮድ ሥራዎች ማሽኑ አስቀድሞ ከያዛቸው መካከል ናቸው። እዚያ ከልምድ አልባዎች መጨረሻ ትሰለፊያለሽ፤ እዚህ የስድስት ዓመት እውቀት አለሽ። የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮም ለቤት ሽያጭ ሥራ ከ2024 እስከ 2034 ድረስ የተነበየው መጥፋት ሳይሆን 3 በመቶ ገደማ ዕድገት ነው። የኮርሱን ገንዘብ ወይም ከፊሉን ለሙያሽ አውዪው፦ የደላላነት ፈቃድ ለመያዝ፣ የንብረት ግምትን ለመማር፣ ወይም የኪራይ ቤቶች አስተዳደርን ለመጨመር። የመጨረሻውን በተለይ አስቢበት፤ ወርሃዊ ገቢ ነው፣ ወለድ ሲወጣና ሲወርድም አይናወጥም። ሆኖም ልጆች አሉሽና በባዶ ተስፋ አልሸኝሽም። ከባለቤትሽ ጋር ተቀምጣችሁ የቤታችሁን ወጪ ጻፉ፤ ያለ ኮሚሽን ስንት ወር መቆየት እንደምትችሉ እወቁ። ስድስት ወር የማይሞላ ከሆነ ለጊዜው ሌላ የትርፍ ሰዓት ገቢ ፈልጊ፤ ነውር የለበትም። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ በነጻ የምታስረጂባቸው ስብሰባዎች ሰው ካላመጡልሽ፣ ያኔ ሙያ ስለመቀየር እንነጋገራለን።

አሁን ባልና ሚስቱ። አትቀየሚያቸው፤ ክፍያው መደራደሪያ ነው፣ የምታስፈርሚው ውልም ይህንኑ በግልጽ ሊናገር ይገባዋል። አስቀድመሽ ግን ከደላላሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ውሉ በቢሮው ስም ስለሚገባ ያለ እርሱ ፈቃድ ክፍያ መቀነስ አትችይም። ከዚያ ሁለት ዓይነት አገልግሎት በወረቀት አዘጋጂ። አንደኛው ሙሉ ሥራሽን በሙሉ ክፍያ ይዟል። በሁለተኛው ቤቱን እነርሱ ፈልገው ያገኛሉ፤ አንቺ ከዋጋ ማቅረቡ ጀምሮ እስከ ፊርማው ድረስ ትሠሪያለሽ፤ ክፍያውም በዚያው ልክ ያነሰ ይሆናል። ያንኑ ሥራ በግማሽ ዋጋ ግን አትቀበይ። 500 ሺህ ዶላር በሚያወጣ ቤት ላይ 2.5 በመቶ 12,500 ዶላር ነው፤ ከዚያ ላይ የቢሮው ድርሻ፣ ታክሱ፣ ነዳጁ፣ ኢንሹራንሱ ይወጣል። ግማሹን ስትቀበይ የምትቀንሺው ሰነድ ማንበቡን ይሆናል፤ ለእነርሱም የሚያዋጣ አይደለም። ክፍያሽን ሻጩ እንዲሸፍን በሚያቀርቡት ዋጋ ውስጥ መጠየቅ እንደሚችሉም ንገሪያቸው፤ ደንቡ የከለከለው በወኪሎቹ የጋራ ማስታወቂያ ሥርዓት ላይ መጻፉን እንጂ ይህን አይደለም። ይህን ማሽኑ ሳይነግራቸው ቀርቶ ይሆናል።

በጽሑፍ አትመልሺላቸው። ቤታቸው ሂጂ ወይም ቡና ጋብዘሽ አስቀምጫቸው። ስለ ኮሚሽን ከመነጋገራችሁ በፊትም ቅድመ ክፍያ ያሉት ገንዘብ ባንክ ከገባ ስንት ወር እንደሆነውና ከየት እንደመጣ ጠይቂያቸው። «ትናንት ዕቁብ ወጣልን» ካሉሽ፣ ውሉን አቆይተሽ ያንኑ ዕለት የብድር ባለሙያውን አገናኚያቸው።